ንቦች ያልመጡበት ሩዛታ

ጁን 8፣ ሰኞ

ባሌ ሙንጂ ከሚሠራበት ሳሙና ፋብሪካ ማተሚያው ያበላሸውን የመጠቅለያ ወረቀት አምጥቶልኛል። ፊቱ ላይ የለውዝ ቅርንጫፍና የሚስቅ ሕፃን አለበት፤ ጀርባው ንጹሕ ነው። በክር ሰፍቼ ደብተር አደረግሁት። ማንበብ የለመድሁት ባለሱቁ ከሙን በሚጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ይህን ያህል ባዶ ወረቀት የራሴ ሆኖ አያውቅም። እንዳያልቅብኝ በትንሽ በትንሹ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ መራራ ለውዝ የለም። ዛፉ ባበበ ሰሞን የበረሃው ነፋስ መጥቶ አበባውን ጠርጎት ሄደ። ጣፋጩ ካምና ተርፎ በየቤቱ አለ፤ መራራው ግን በመላው ስፋቅስ ቢፈለግ ጠፋ። ያለ መራራው ደግሞ የሠርጉ የለውዝ መጠጥ፣ ሩዛታው፣ ሩዛታ አይሆንም፤ ስኳር የገባበት ነጭ ውኃ ነው። እናቴ ለአንድ ቁና ጣፋጭ ለውዝ አንድ ጭብጥ መራራ ነበር የምትወቅጠው። «ከጭብጥ ካለፍሽ የምትደግሺው ለሠርግ ሳይሆን ለቀብር ነው» ትለኝ ነበር። ጭብጧን አልፌ አላውቅም።

በዚህ ሰፈር ያለ እኔ ሩዛታ የተዳረች ልጅ የለችም። በበጋው መጨረሻ ደግሞ የራድያ ሠርግ አለ። ራድያ የሟች እኅቴ ልጅ ናት። እኔና ሙንጂ አልወለድንም፤ ጡት ሳትጥል ወስደን ያሳደግናት እሷን ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ ሩዛታ ሳጠጣ ኖሬ ለራሷ ሠርግ ስኳር ውኃ ላቀርብ ነው?

ጁን 10፣ ረቡዕ

ሙንጂ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ይዞ ገባ። ሚርባን ይሉታል። ሳሙናው ለውዝ ለውዝ እንዲሸት የሚያደርገው ይህ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ከሳሙናው ጋር የሚያቀላቅለውም ራሱ ሙንጂ ነው።

«ሕፃን የሚታጠብበት ነገር ነው። የሕፃን ገላ የቻለውን የትልቅ ሰው ሆድ ያቅተዋል?» አለኝ።

ከረሜላ ሠሪዎችም ይጨምሩበታል አለ። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም። ቡሹን ስነቅለው የእናቴ ሙቀጫ ፊቴ ድቅን አለ። በጣቴ ጫፍ ቀመስሁት። ጣፈጠኝ፤ ከዚያ ምላሴን ቆጠቆጠኝ። ምሬት ግን የለውም። ሽታው የመራራ ለውዝ ሆኖ ጣዕሙ የማይመር ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ጁን 14፣ እሑድ

የመጀመሪያውን ማሰሮ ሠራሁ። የጨመርሁት ጠብታ ጥቂት ነው፤ ሽታው ግን ግንቡን አልፎ መንገድ ወጣ። ጎረቤቴ በሺራ ሳታንኳኳ ገብታ፣ ቆማ አንድ ሲኒ ጠጣችና የታላቋን ልጇን የሳሉሓን ሠርግ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለ ሠርተሽ አታውቂም አለችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ስሠራ ኖሬያለሁ።

አንድ ነገር ልጻፍ። ሌላ ጊዜ ሩዛታውን ጣሪያ ላይ ሳቀዘቅዝ ንብና ተርብ ይወረኛል፤ በጨርቅ ሳባርር ነው የምውለው። ዛሬ አንድም አልመጣም። ጉንዳን እንኳ የለም። ዕረፍት ሆነልኝ።

ጁን 26፣ ዓርብ

የሳሉሓ ሠርግ። ማሰሮዎቹ ሁሉ ባዶ ተመለሱ። እግሬ አብጧል። ራሴን ያዞረኛል። ሌላውን ነገ።

ጁን 27፣ ቅዳሜ

ሳሉሓ ትናንት ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ወደቀች። ሲያነሷት ደርሼ ነበር፤ እጇ ቀዝቅዟል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እናቷ ጨው አዞረችላት። የሰው ዓይን ነው ተባለ፤ አንዲት የውጭ ሰፈር ሴት በር ላይ ቆማ «ማሻላህ» ሳትል አድንቃለች አሉ። ሌሎቹም ሴቶች ራስ ምታት ራስ ምታት ሲሉ ነበር። እሱ የሐማሙ የእንፋሎት ሙቀት ነው። ከሙሽራዋ ጋር ቀኑን ሙሉ ሐማም ውለው ነው የመጡት።

ላላ ቱርኪያም እዚያው ነበሩ። የዚህን ሰፈር ሙሽሮች ሁሉ ሂና የሚቀቡት፣ ከንፈርና ድዳቸው እስኪጠቁር የስዋክ ልጥ የሚያስኝኩት እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ ሲደነግጡ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሙሽራ ካልወደቀች ምኑን ተዳረች? እኔ በሠርጌ ቀን ሁለቴ ወድቄያለሁ። አንዱ ከጾም ነው፣ ሁለተኛው ባሌን ካየሁት በኋላ።»

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ የሳሉሓን አገጭ ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩና ከንፈሯን አሳዩን። «ይልቅ የዘንድሮን ስዋክ እዩልኝ። እንዲህ የሚይዝ ስዋክ በዕድሜዬ አላየሁም። የበሰለ በለስ አስመስሏት የለ?»

እውነት ነው፤ ጠቁሯል። ሳሉሓ ዛሬ ጠዋት ተነሥታ ምሳ በልታለች።

ጁላይ 9፣ ሐሙስ

ሁለት ሠርግ አለፈ። ሁለቱም ደህና። የአንደኛዋ ሙሽራ አማት አስመልሷት ነበር፤ የበላችው ኦክቶፐስ ነው ተባለ።

ሙንጂ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆማል። ጣሪያው ላይ ካልተኛሁ አየር አጠረኝ ይላል። የእጁ ጥፍር አመድ መስሏል፤ ሥሩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሳሙና መሥሪያው ሶዳ ነው አለኝ። ሎሚ ይዤ ላሽለት ስል እጁን ነጠቀኝ። «ሽማግሌ እንዳገባሽ ዛሬ ነው ያወቅሽ?» አለና ሳቀ። ሲስቅ ከንፈሩንም አየሁ። ወንድ ስዋክ አያኝክም።

ይህን ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም።

ጁላይ 20፣ ሰኞ

ሲ ላሚን የሚባሉ ከሙንጂ ጋር የሚሠሩ አሮጌ ሳሙና ቆራጭ አሉ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ከሙንጂ ጋር መጡና በር ላይ ቆመው ያወሩ ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ ውኃ እየቀዳሁ ነው።

«ዛሬም እጅህን ሳትታጠብ ዳቦ ነካህ። ሃዲ ከሥራ የቀረው በምን ይመስልሃል?» አሉት።

«በስንፍና ነዋ» አለ ሙንጂ።

«ስንፍና ሰውን እንደ አመድ አያደርግም። የፋብሪካው ፈረንጅ ራሱ ጠርሙሱን በጓንት ነው የሚይዘው።»

ሙንጂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ይበሉ ሴቶቹ ይሰማሉ አላቸው። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ነው ልብ ያልሁት።

ጁላይ 21፣ ማክሰኞ

ጠየቅሁት። ላሚን ድሮም የኔን ቦታ ይመኝ ነበር፣ ቀናተኛ ነው አለ። ተናግሮ ሳይጨርስ ደከመውና ጋደም አለ።

ጠብታውን ቀነስሁ። በጣም ነው የቀነስሁት። ከእንግዲህ የሚሰማም አይመስለኝም።

ጁላይ 30፣ ሐሙስ

ቀነስሁ ብዬ ነበር። የበሺራ እኅት ለልጇ ግርዛት የወሰደችውን ሩዛታ ከነማሰሮው ይዛ ተመለሰች። በሺራ ቤት የጠጣሁት ይህን አይደለም፣ ለእኔ ሲሆን ውኃ አደረግሽብኝ አለች። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ምን ልበላት? እዚያው ፊቷ ጨመርሁላት። ደስ ብሏት ሄደች።

ልጁ ማታውኑ አቃሰተ አሉ። ቁስሉ ነው፤ የተገረዘ ልጅ ያቃስታል። እጁ ሂና ስለተቀባ ጥፍሩን አላየሁም። ለነገሩ ለማየት አልሄድሁም። ሥራ ነበረብኝ።

ኦገስት 9፣ እሑድ

የራድያ አማት የምትሆነው ላላ ነፊሳ ከእኅቶቿ ጋር መጣች። ጀልባ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸው ሰፊ ነው። እኔ ጥቂት ስለምናገር እንደምትንቀኝ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ጉልበቴን ነካ አድርጋ ተናገረች።

«ላላ ሐሉማ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም፤ የሙሽራዋ የቤት ዕቃ ቢጎድል ይጎድላል። የእርስዎን ሩዛታ ግን ለዘመዶቼ ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ከመሕዲያ ድረስ የሚመጡ አሉ። እንዳያሳፍሩኝ።»

እሺ አልሁ። ራድያ ከጓዳ ሆና ሰምታ ስለነበር እንግዶቹ ሲወጡ አንገቴን አቅፋ፣ አየሽ እኔን ሳይሆን አንቺን ነው የፈለጉት አለችኝ። ልጅነቷ ገና ከፊቷ አልጠፋም። ስትስቅ ድዷ ይታያል፤ ድዷ እንደ ሮማን ፍሬ ነው። ዛሬ ረጅም ሰዓት አየሁት። ምን ታያለሽ አለችኝ። ምንም አልኋት።

ኦገስት 15፣ ቅዳሜ

በገቤስ መንገድ ያሉ አንድ አትክልተኛ ግንብ ጥግ ነፋስ ያልደረሰበት አንድ ዛፍ እንዳላቸው ሰማሁና በእግሬ ሄድሁ። አንድ ጭብጥ መራራ ለውዝ አገኘሁ። የእናቴን አንድ ጭብጥ። ከጣፋጩ ጋር ወቅጬ፣ ጨምቄ፣ እንዲቆይ በስኳር አፍልቼ፣ ትንሽ ማሰሮ ሞላኝ። ይቺ ለራድያ ብቻ ናት። ራድያ የድሮውን ጣዕም ስለምትወድ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለእንግዶቹ የሚሆነው አይበቃምና በጠርሙሱ ይሠራል።

ትንሿን ማሰሮ ጣሪያ ላይ ሳቀዘቅዝ ንቦቹ መጡ። የት እንደነበሩ አላውቅም፤ በማሰሮዋ ከንፈር ዙሪያ ሰፈሩ። በጨርቅ አላባረርኋቸውም። ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ከዚያ ወርጄ ትልልቆቹን ማሰሮዎች መሥራት ጀመርሁ።

ኦገስት 22፣ ቅዳሜ

እናቴ ስለ መራራው ለምን እንደዚያ እንደምትል ዛሬ እያጠብሁ አሰብሁበት። መራራ ለውዝ ሲበዛ ምላስ አይቀበለውም፤ ልጅ እንኳ ይተፋዋል። ምሬቱ ራሱ በር ጠባቂ ነው። ይኸኛው በር ጠባቂ የለውም። ዝም ብሎ ይገባል።

ሙንጂ ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቶ ዛሬ ተመለሰ። የሃዲንም ሥራ ለእሱ ደርበውለታል።

ኦገስት 27፣ ሐሙስ

የሂና ቀን። ላላ ቱርኪያ ከረፋድ ጀምሮ ቤታችን ናቸው። የራድያን እጅ እስከ አንጓዋ፣ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሂና ሞሉት፤ ጥፍሯን ሁለት ጊዜ ደርበው ቀቡ። ስዋኩን አስኝከዋት ከንፈሯ ማታ ቡናማ ሆነ። ትንሿን ማሰሮ ከሲኒዋ ጋር አልጋዋ አጠገብ አኖርሁላት። ከዚህ ብቻ ጠጪ አልኋት። ለምን አላለችኝም። ብትለኝ ምን እንደምመልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ኦገስት 29፣ ቅዳሜ

ግርግር። ሰው በሰው ላይ። ማሰሮው ወጣ፣ ገባ። ራድያ ራሴን አመመኝ ትላለች። ወርቁ ከብዷት ነው ይላሉ። ከንፈሯ ጥቁር ሆኗል። ላላ ቱርኪያ ለሁሉም እያሳዩ ይኩራራሉ። ከትንሿ ማሰሮ ነው የምትጠጣው። ከትንሿ ነው።

ኦገስት 31፣ ሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዛሬ የዓሣው ቀን ነው። ሙሽሮቹ እንዲባረኩ፣ እንዲዋለዱ፣ ዓሣውን እየተሻገሩ ይመላለሳሉ። ላላ ነፊሳ ጀልባዋ ያመጣውን ትልቁን ዓሣ በግቢው መሀል በሰፊ ሳህን አስቀመጠች። ትኩስነቱን ለዘመዶቿ ለማሳየት ጎንበስ ብላ ስንጥቡን ገለጠች። ቀይ ነበር፣ እንደ ሮማን ፍሬ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ራድያ ቀሚሷን ሰብስባ አንድ ጊዜ ተሻገረች። ሁለተኛውን ስትሻገር ጉልበቷ ከዳት። እኔ ላይ ነው የወደቀችው። ሰውነቷ ቀዝቅዟል፤ ልቧ በቀሚሷ ላይ እስኪታይ ይመታል።

ሴቶቹ ሳቁ። ላላ ቱርኪያ፣ ዓሣው ገና ሳይበላ ፀነሰች አሉ። የበለጠ ተሳቀ።

ከንፈሯን አየሁ፤ ስዋክ ነው። ድዷን ገለጥሁ፤ ስዋክ ነው። ጥፍሯን አየሁ፤ ሂና ነው። ጉንጯ ላይ ቀለም አለ። በልጅቱ ገላ ላይ እውነቱን የሚያሳይ አንድ ቦታ አላስተረፍንም። ከዚያ የወርቅ ጉትቻዋን ወደ ላይ አነሣሁና ከሥሩ ያለውን የጆሮዋን ጫፍ አየሁ። የዳመነ ሰማይ መስሏል። ዓይኔን ዘወር ሳደርግ የዓሣውን ስንጥብ አየሁ። የሞተው ዓሣ ከልጄ ይልቅ ቀይ ነበር።

በሕይወቴ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ። ሩዛታው ነው። የሳሙና መድኃኒት ጨምሬበታለሁ» አልሁ።

ላላ ቱርኪያ ክንዴን ይዘው፣ ዝም በይ አንቺ ሴት፣ ድንጋጤ አሳብዶሻል አሉኝ። ላላ ነፊሳ በእጇ የያዘችውን ሲኒ አየችው። ግማሹን ጠጥታለች። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ልጇን መኪና አስነሣ አለችው።

መኪናው ውስጥ ራድያ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ነበር። በጭንቅ ነው የምትናገረው። «አክስቴ፣ አትቆጪኝ። ያቺ ትንሿ ማሰሮ ሽታ የላትም። የጠጣሁት የሰዎቹን ነው። የሰዎቹን ስለምታሳምሪው።»

ሴፕቴምበር 1፣ ማክሰኞ

በሕይወት አለች። ትተነፍሳለች።

ሐኪሙ ደሟን ሲቀዳ አይቻለሁ፤ ደም አይመስልም፣ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ክንዷ ላይ ሰማያዊ መድኃኒት ወጋት። ለሰማያዊ ሰው ሰማያዊ መድኃኒት፤ ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅበት ነበር። ምን እንደጨመርሁ ነገርሁት። ጠርሙሱን አምጪ አለኝ፤ አመጣሁለት፤ ከሩቅ አሽትቶ ከደነው። በምግብ ውስጥ ጨርሶ አይገባም፣ በገላም ያልፋል አለኝ። አልጮኸብኝም። ብቻ፣ ሌላ ማን ጠጥቷል አለኝ።

በጋውን ሙሉ ማን እንዳልጠጣ ቢጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 6፣ እሑድ

ራድያ ቤት ተመልሳለች፤ የእኔ ቤት። ላላ ነፊሳ «ደህና እስክትሆን እናንተ ጋ ትቆይ» አለች፤ የዘመዶቿ ሆድ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ሐኪሙ የከንፈሯን ቀለም እዩ ብሎናል። ስዋኩ ግን ገና አልለቀቀም። በየጠዋቱ መስኮት ሥር አስቀምጬ ከጥቁሩ ሥር የሚወጣውን እጠብቃለሁ። ጠርዙ ላይ ጥቂት ቀይ ያየሁ መስሎኛል። ትናንትም መስሎኝ ነበር።

ቤት ለቤት እየዞርሁ እየተናገርሁ ነው። ከሳሉሓ ቤት ጀመርሁ። በሺራ እስክጨርስ ሰማችኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«ሂጂ አንቺ። ልጄን የጣላት ዓይን ነው፤ አንቺ ደግሞ የዓይኑን ሥራ ለራስሽ አታድርጊ። ለታናሿ ሠርግ ለመውሊድ ማግስት ሁለት ማሰሮ አዝዤሻለሁ። እንደ ሳሉሓው ይሁንልኝ።»

አልሠራም አልኋት። ተቀየመችኝ። የተገረዘው ልጅ ቤት በሩን አልከፈቱልኝም። ነገ እመለሳለሁ።

ሐኪሙ ጠርሙሱን መልሶ ሰጥቶኛል፤ የፋብሪካው ነው፣ እዚያ ይመለስ አለ። ሙንጂ እንደወሰደው ከታወቀ ይባረራል። እንግዲህ ልደፋው ብዬ ይዤው ተነሣሁ። ጣሪያው ላይ እንዳልደፋው የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ወደ ጉድጓዳችን ያስገባዋል፤ ዓመቱን ሙሉ የምንጠጣው እሱን ነው። ግቢው ውስጥ በለሷ አለች። መንገዱ ላይ ልጆች በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ። ባሕሩ ዳር ሴቶቹ ሱፍ ያጥባሉ። ጠርሙሱን እንደያዝሁ ቤቱን ዞርሁት፣ ሰፈሩን ዞርሁት። የምደፋበት ቦታ አጣሁ። ሰው ሆድ ውስጥ ስደፋው ግን ቦታ አላጣሁም ነበር።

መልሼ መደርደሪያው ላይ አኖርሁት፤ በሳሙና መጠቅለያ ጠቀለልሁት፣ ሕፃኑ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ሙንጂን ነገ አትሂድ ብዬዋለሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። የሥራ ልብሱን አጥቦ ራሱ ገመድ ላይ ሰቅሎታል፤ እስካሁን ለውዝ ለውዝ ይሸታል።